የሚረጥብ ዳንቴል

ጥር ነው። ነፋሱ ከቦሰት ተነስቶ፣
አቧራ ቆንጥሮ፣ ቆርቆሮ አንኳኩቶ፣
ልቃቂቴን ቀምቶ፣ ከጭኔ ላይ አንስቶ
ከደሚቱ ዶሮዎች መሐል አንከባለላት፤
ሮጬ አመጣኋት።
ነጭ ነበረች ስትሄድ፣ ስትመለስ ዳማ ናት።
ይሁን። ያው ለውኃ አይደል የምሠራት?

ደሚቱ አጥር ተደግፋ ታየኛለች።
«ምንድን ነው እሱ?»
«የሳህን ማጠቢያ።»
«በኪሮሽ?»
«በኪሮሽ።»
«ይሄ ፈንዲሻ ፈንዲሻውስ?»
«ጌጡ ነው። ይፍቃልም።»
«ወይ አንቺ! ሰው ዳንቴል ያነግሣል፣
አንቺ ከድስት ቂጥ፣ ከጥላሸት ጋር ልትድሪው?»
ሳቋ ዶሮዎቿን አስደነበረ።

አልፈርድባትም።
እማዬ እልፍነሽ በጉብዝናዋ ጊዜ፣
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረው ቤት፣
ዳንቴል ያላለበሰችው ዕቃ አልነበረም፦
ቴሌቪዥኑን፣ ቴፑን፣ የሶፋውን ክንድ፣
የማይደወልበትን ስልክ፣
ባዶውን የብስኩት ቆርቆሮ ሳይቀር።
ከሁሉ በላይ ግን ጣዎሱን፦
ጭራው የተዘረጋ፣ አንገቱ የተሰበቀ፣
ሁለት ክረምት አጎንብሳ የለቀመችው
ዓይን በዓይን፣ ቀዳዳ በቀዳዳ።
«እንዳትነኩ!» እየተባልን
በገዛ ቤታችን እንደ እንግዳ
በወንበር ጫፍ አደግን።
ዓይኗን ያፈሰሰችበት ያ ወፍ
አንድ ቀን እንኳ እጇን አላደረቀላትም።

እና እኔ
ከፍራንኮ ሱቅ ሁለት ልቃቂት ገዛሁ።
ባለሱቁ ኢብሳ «ለሕፃን ኮፍያ ነው?» አለኝ፤
መልሴን ቆጥሬ ተቀበልኩና ወጣሁ።

ሠላሳ ስድስት ሰንሰለት መነሻው ነው።
ክሩ ወፍራም ጥጥ ነው፣ ጣት ላይ ይሞቃል።
አምስት ቋሚ በአንድ ዓይን፣ አፉን ማነቅ፦ ፈንዲሻ።
ሦስት ተራ፤ ደግሞ ፈንዲሻ።
የጅቡቲ ተሳቢ መንገዱን ሲያናውጥ
ቁጥሩ ይጠፋኛል፤ ከሥር እጀምራለሁ።
መብራት ሲሄድ በጣቴ እቆጥራለሁ፤
መብራት ሲመጣ
ጨለማው ከእኔ ይልቅ ሳይሳሳት አገኘዋለሁ።

በዘጠነኛው ረድፍ እማዬ እጇን ዘረጋች።
ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመቱ ነው።
ጨርቁን እንደ ሕፃን ጀርባ ዳበሰችና
«እዚህ ጋ» አለች፣ «አንድ ዘልለሻል።»
«ለሳህን ነው እኮ እማ፤ ማን ያየዋል?»
«እኔ አየሁት» አለች፣ የማታየው።

ተረተርኩት።
የተተረተረ ክር ቶሎ አይቃናም፤
ጠምዘዝ ጠምዘዝ ይላል፣
የነበረበትን ቤት አይረሳም።
ልቃቂቷ ላይ መልሼ ብጠቀልለውም
ታስሮ የዋለበትን ያሳብቃል።

ዓርብ ማታ አለቀ።
ጫፉን ቋጭቼ፣ አቧራውን አጥቤ፣
ገንዳው ጠርዝ ላይ አስጥቼው ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ብፈልገው የለም።
ነፋስ ወሰደው ብዬ እስከ ደሚቱ አጥር ሄድኩ፤
ዶሮ እንጂ ጨርቅ የለም።
ተመልሼ ስገባ
ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘርግቷል፣
እንደረጠበ፣ ጥጉ ከጥግ ተስተካክሎ፤
በጠፋው መስታወት ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ጓዳ ውስጥ ሳህን ይንቃጨላል።
እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች።
ጣዎሱ እጇ ውስጥ ነው፣
ጭራው አረፋ ለብሶ
የትናንቱን የሽሮ ድስት ይዞራል።

ተሳስታ ይሆን? አውቃ ይሆን?
ልጠይቃት አፌን ስከፍት
እርጥቡን ጭራ በጣቷ ቆጥራ ጨረሰችና፣
«ጎበዝ» አለችኝ፣
«አንድም አልዘለልሽም።»