ያልተከፈለ ቁና

ከአንኮበር በታች፣ ጉም ከሚያድርበት፣
ወይራ አፋፍና ሰልካ፣ መዝገባቸው ባንድ ቤት፤
ወረዳው ሲከፈል ወንበሩን ከፈሉ፣
ጠረጴዛው ለናንተ፣ አግዳሚው ለኛ አሉ፤
ሳጥኑ ወደ ደጋ፣ ቁልፉ ወደ ቆላ፣
ማኅተሙ አንድ ነው፣ አስቀረጹ ሌላ።
«ወንዙም ይካፈላል» ያለ ሰው ነበር፣
በጋ ነበርና፣ ያየነው ጠጠር።
እጅ አውጡ ተባለ፤ እኔም አወጣሁኝ፣
ከጠዋት ቆሜያለሁ፣ ብርዱ ነው የገፋኝ።

ቁናውን ግን ማንም አላነሳው ያን ቀን።

ሰኞ ሰኞ ድሮ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ይደርሳል እንድሪስ ከወይራው አፋፍ፣
ግራ ጎን በርበሬ፣ ቀኝ ጎን ማሾ ጭኖ፣
ባህያው ጆሮ ላይ ጤዛው እንደ ጤፍ ሆኖ።
እኔ ገብስ እሰፍራለሁ፣ እሱ ዞሮ ይቆማል፣
የሚሰፍርን ማየት ነውር ነው ይለኛል።
ብድሩን እኔ ቤት ከሰል ነው የሚያውቀው፣
እሱ ቤት ጠፍር ነው፣ ቋጥሮ የሚጠብቀው።
ዝናብ ግድግዳዬን ባጠበው ክረምት ላይ፣
«ስንት ነው?» ብለው ቀና አለ ወደ ሰማይ፤
«ያጠበው ይንገርሽ።»

አሁን ከድልድዩ ገመድ ተወጥሯል፣
ገመዱንም ይዞ አንድ ጎረምሳ ቆሟል፤
የዘርፌ ልጅ ነው፣ ሲወለድ ነበርኩኝ፣
ዛሬ «ስም?» ይለኛል፣ «ከየት?» ብሎ ጠየቀኝ።
ለሚወርድ ገብስ ካርኒ፣ ለሚወጣ ማሾ ቀረጥ፣
ሰላምታ ብቻ ነው እስካሁን የማይቀረጥ።
«በርበሬያቸው ጡብ ነው» ይላል የኛ መንደር፣
«ገብሳቸው ጠጠር ነው» ይላል የታች ሰፈር፤
ወንፊት ስንዋዋስ ኖረን ነበር፣ ምን ይነገር።

ከደብረ ብርሃን ደላላ መጣና
ገብሴን ዘግኖ አየው፣ ጠረኑን ሳበና
«ይኼ ለቢራ ነው፤ በርበሬ ምን ያደርጋል?
ገንዘብ የያዘ ሰው ከየትም ይገዛዋል።»
እውነቱን ነው። ሸጥኩለት። ስሜንም አልጠየቀ።
በርበሬ ፍለጋ ስወጣ፣ ብሩ አለቀ።

የእንድሪስ ሁለት ቁና አለብኝ የገብስ ዕዳ፣
ሳንከፈል፣ ሳልከፍለው፣ የፈረሰ ወረዳ።
በጀርባዬ አዝዬ ወረድኩ እስከ ድልድዩ፣
ቁናዬንም ይዤ፤ «ይሰፈር» አልኩ፣ «እዩ።»
ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ «ቁና አይሠራም፣ እማማ፣
በኪሎ ነው አሁን።» ሰንሰለቱ ተሰማ።
ደብተሩ አምስት ይላል። ሚዛኑ አራት ላይ ቆመ።
ጣቴን ላስጠጋው ነበር፤ እጄ ግን ደከመ።
እንደገና ሰፈርኩ። እንደገና አራት።
ሰዉ ተጠጋጋ፣ ከዳገት፣ ከቁልቁለት።

ያኔ ነው ያየሁት የቁናዬን ከንፈር፤
የእናቴ ነው፣ ስንት ዘመን ስሰፍር፣
ጠርዙ ሲበሰብስ ቆርጬ ለበጥኩት፣
ባንድ ጣት ማጠሩን መቼ አስተዋልኩት?
(አስተውዬ ይሆናል። እሱን አልምልም።)

ዞር ብዬ እንድሪስን አየሁት፤ እሱም ዞሮ ቆሟል፣
ሰፋሪን አያይም፣ ዛሬም ነውር ብሎታል።
«ታውቅ ነበር?» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና
«ሚስቴ ናት ያወቀች፣ ሰፍራው በኛ ቁና።
አህያው በላው አልኳት።»
«ስንት ዓመት?» «እንጃልሽ። ያ አህያ ሞቷል፣
የኋለኛውም ሌባ ነው ተብሏል።»

መሳቅ ነበረብን። አፌም ከፈት ብሎ ነበር።
ግን ሰው እየሰማ፣ ልጁ እየጻፈ፣ እንዴት ይሳቃል በድንበር?

ልጁ ፎርሙን ሞላ፤ «ጉድለት ሁለት ኪሎ»፣
ማኅተሙን መታው፣ አዲሱን፣ እፍ ብሎ።
አንዱ ቅጂ ለኔ፣ አንዱ ለእንድሪስ ነው፤
እሱም አላነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው።
ድሮ ቢሆን ኖሮ ለአህያው በሰጠው።

ሰኞ ሁለቱን ኪሎ ይዤ እወርዳለሁ፣
ሲመዘን ዞሮ ይቆም እንደሆነ አያለሁ።