ጢም የሌለው ሽማግሌ

ጥብርያዶስ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደወሉ ይጮሃል፤
ፊናው ከተነሣ ቆይቷል፣ አልጋውን አንጥፎ ተንበርክኳል፤
እኔ ነኝ የዘገየሁ፣
ጉልበቴን ከቀዝቃዛው ወለል፣ ዓይኔን ከንጋቱ ያላስታረቅሁ።

ነጭ ሸሚዝ እተኩሳለሁ፤ ኮሌታው ሳስቷል።
ስሜ የተቀረጸበት ጥቁር ሰሌዳ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤
እዚህ አገር አይደረግም።
ስንመጣ ፈርመናል፤ ስለ እምነታችን አንሰብክም፣
ቢጠይቁን እንኳ አናወጋም።

ዓመት ሙሉ ምላሴን ስስል የከረምሁ፣
ጥቅስ በጥቅስ ላይ እንደ ጋቢ የደረብሁ፣
ቢሾፍቱ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ስሰብክ የኖርሁ ልጅ፣
ለካስ የተላክሁት ለአንሶላ፣ ለሳሙና፣ ለአረጋውያን ደጅ።

እናቴ ታቦቷን ትቼ ስሄድ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤
አሁን ሰኞ ሰኞ ስንደዋወል ስለ ስብከት አትጠይቀኝም፤
«በላህ?» ነው፤ «ካልሲ አለህ?» ነው፤
«ያ ግዙፉ ባልንጀራህስ እንዴት ነው?»
ግዙፉ ከቶንጋ ነው፤ በራችንን ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤
የገሊላን ባሕር ባየ ቁጥር «ኩሬ ነው» እያለ ይምላል።
እኔ ዝም እላለሁ፤ ለሆራ ልጅ ይህም በዝቷል።

የአረጋውያኑ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣
አያ ቢያድግልኝ ይተኛል፣ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ከማንም ሳያወራ።
የወገራ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻ ሲያቀና የኖረ እጁ
ዛሬ ማንኪያ ይጥላል።
መጀመሪያ ቀን ዕብራይስጤ ሲሰናከል ሰምቶ፣
«የማን ልጅ ነህ?» አለኝ በአማርኛ፣ ራሱን ከትራስ አንሥቶ።
ሳልመልስ፣ ፊናው ከበሩ በማዕረጌ ጠራኝ፤ «ኤልደር!»
«ምን አለህ?»
ምን ልበል? ትርጉሙ ትርጉም ነው።
«ሽማግሌ ነው ያለኝ።»

«ሽማግሌ!» አልጋው እስኪንቋቋ ሳቀ።
«አንተ? ጢምህ ሳያጎነቁል?
ሻይ አትጠጣ፣ ጠላ አትጠጣ፣ በናና ውሃ ማን ይሸመግላል?
ለመሆኑ የማንን ልጅ ለማን ልታጭ ነው? ማንን ከማን ልታስታርቅ?
ትርንጎ ብዬ ያወጣሁላትን ስም ያኤል ብላ ከጣለች
ስድስት ዓመቷ፤ እሺ፣ ሽማግሌ ከሆንህ እሷን አስታርቅ!»
ሳቁ ሳል ሆነ፤ እስኪወጣለት ጀርባውን ደገፍሁት።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እግሩን አጥባለሁ፤
ዳዊት አንብብ ሲለኝ፣ ዳዊት የሁለታችንም ነው፣ አነብባለሁ።
ሌላ አልተናገርሁም።
ቅዳሜ ግን፣ በተከራየናት ክፍል፣ ዳቦውንና ውሃውን ተቀብዬ
ስለ ራሴ ልጸልይ ስል
የማላውቃት ሴት መጣችብኝ፤
ሁለት ስም ያላት ሴት።

እሑድ ቁጥሯን ከነርሷ ለመንሁ። ደወልሁ።
«አባትሽ» አልሁ፤ ሌላ ቃል አጣሁ፤
ስልኩን ጆሮው ላይ ይዤ ቆምሁ።
«ያኤል» አላት።
ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ስለ ተበላሸ ቦይለር ነው፣
ስለ አፉላ የቤት ኪራይ፤
ሃያ ደቂቃ፤ ክንዴ ደነዘዘ፣ አላወረድሁትም።

ስዘጋው ያ ማንኪያ የማይዝ እጅ
ራሴን ፈለገ፣ አገኘ።
እጅ መጫንስ የእኔ ሥልጣን ነበር፤
በዘይት፣ በሥርዓት፣ በተጠና ቃል።
እሱ ዘይት አልጠየቀም፤
«ስሙን ተበድረኸዋል» አለ፤ «ዕድሜውን እሱ ይሙላልህ።
ሽበት ያውጣህ።»

ማታ ፊናው ምስር እያማሰለ «ምን አለህ?» አለኝ።
ትርጉም አጣሁ። «አርጅ አለኝ።»
ሳቀ፣ ሳቀ፣ ምስሩ አረረ።
ደብተሬ ላይ ቀኑን ጻፍሁ፤ ከሥሩ ምንም አልጨመርሁ።
ሸሚዜን ሰቀልሁ፤ ትከሻው ላይ፣ እጁ ሲመለስ የነካው ቦታ፣
ሾርባ ነው መሰል፣ ቢጫ ምልክት አለ።
ነገ አጥበዋለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ።