ሰምና ደም

ከቸርችል ጎዳና ወገብ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣
እኔና ነጂባ።
ለማቀዝቀዣው ድምፅ ጆሮ እንጥላለን፤
ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ «ስንት ቆየ?» እንላለን፣
ቁጥሩን እናነባለን፣ እንተነፍሳለን።

ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው በረዶ ውስጥ ተኝቷል፣
ብልቃጡ ላይ ቁጥር ለጥፎ ስሙን ውጭ ትቷል።
አንድ መቶ አርባ ሰባትን ግን በስሙ አውቀዋለሁ፤
ማወቅ አልነበረብኝም፣ ደንቡን ጥሻለሁ።

ጋሽ አምደብርሃን፣ የፒያሳው አንጥረኛ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ከእሳት ፊት ያልተኛ።
ፎርሙ ላይ «አድራሻ፦ ዶሮ ማነቂያ» ይላል፤
ሰፈሩ ፈርሷል እኮ፤ ፎርም ምን ያውቃል።

የመጣ ቀን ሁለት እጁን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፣
እንደሚመዘን ዕቃ፤ ከዚያም ጀመረ፦
«ዶክተር፣ እነዚህ ጣቶች ጠዋት ጠዋት የእኔ አይደሉም፣
እስከ አራት ሰዓት ድረስ ቢለመኑም አይሰሙም።
ለስንቱ ሙሽራ ቀለበት ሠርቼ ሸጬ፣
የራሴን ማውለቅ አቅቶኝ ቀረሁ ተቀምጬ።»

ለተማሪዎቼ «የግቢው ውሻ ጌታውን ነከሰ» እላለሁ፣
ፈተና ላይ ሲጽፉትም ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።
ግን አይመስለኝም።

አንድ ምሽት ለገሃር፣ ታክሲ ሰልፍ መሐል፣
አንዲት ሴት ድምጿ እንደ ነጎድጓድ ሲያይል፣
«ስንዱ! የዕቁባችንን ብር ይዘሽ የት ገባሽ?» አለች፣
ሰልፈኛው ሁሉ እስኪዞር ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።
ስንዱ አይደለሁም። ስንዱን አላውቃት።
ቅንድቤ ይሁን አፍንጫዬ፣ አንድ ነገሬ መስሏት።
ክፉ ሴት አይደለችም። ተዘርፋለች፣
አልረሳችም፤ መልክ ነው የሳተች።

እንደዚያ ይመስለኛል፦ የድሮ ትኩሳት፣ መልኩን ጥሎ የሄደ፣
ከአንጓ ሽፋን ጋር ፊቱ ተዛመደ፤
ያ ታማኝ ሴል፣ ያ ቂሙን የማይረሳ፣
ክንድ ሊጨመድድ በሌሊት ተነሳ።

ከጉልበቱ የወሰድናትን፣ የምስር ክክ የምታህል፣
ነጂባ በሰም ትከድናታለች፣
እስኪረጋ ትጠብቃለች፣
ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ትቆርጣለች፤
ትንፋሽ ይበቃታል፣ ትበራለች።
እሱ ሰም የሚያቀልጠው ወርቁን ሊያፈስበት፣
እኛ ሰም የምናረጋው ደሙን ልናይበት።
ቀለም ስንጨምርበት ብቅ አሉ፣ ሐምራዊ፣ ጥቃቅን፣
ዕቁብተኞቹ፣ አንድ በር ከበው፣ «ስንዱን አውጡልን!»

ሰሙ ይኸው። ወርቁስ? ስድስት ዓመት ፈለግሁ፤
ጽሑፌ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፣ አረምኩ፣ መልሼ ላክሁ።

አንድ ቀን ነገርኩት፦ «ድሮ በፈረንጅ አገር
ለእርስዎ ዓይነት ሕመም ወርቅ ይወጉ ነበር።»
ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ።
«አርባ ዓመት ብናኙን ስተነፍስ ኖሬ፣
ታዲያ እኔን ምነው ሳያድነኝ ዛሬ?
የደንበኛ እንጂ የእኔ ነው እንዴ ያ ሁሉ?
‹የሰው ወርቅ አያደምቅ› ለካ ይኸን ነው ሲሉ!»

ባለፈው ሐሙስ መጣ።
መድኃኒቱን ስንት ፋርማሲ «የለም» ብሎት፣
መርካቶ ወርዶ፣ ሜክሲኮ ዞሮ፣ አንድ ቦታ አግኝቶት፣
በሳምንት አንድ ቀን ሲውጥ አራት ወር ሆኖታል።
ቀለበቱ ጣቱ ላይ የለም።
በገዛ መጋዙ ቆርጦ፣ ቁራጭ ጨምሮ በይዶታል፤
ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ፦ «ዛሬ ጠዋት የሠራሁት።»
«በስንት ሰዓት?» ስለው መሬት መሬቱን አየ፣
እንደሚያፍር ልጅ ቆየ፦
«በሦስት ተኩል።»

ግማሽ ሰዓት።
የትኛውም መጽሔት አያትመውም።
ፎርሙ ላይ ጻፍኩት፣ እስክሪብቶዬን ተጭኜ፣
ወረቀቱ እስኪቀደድ።
ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። መብራት ሄደ።
ነጂባ ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠች።
እኔ በጨለማው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣
አሥሩም የእኔ ናቸው።
እስካሁን።