ፎርፌ

ሕጉ አጭር ነው፤ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል በአራት ሚስማር፦
«አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ወዲያ ፎርፌ።» የለም የሚጨመር።
ዳኛው ኤይዱን፣ የድሮ የመርከብ መካኒክ፣ ጣቱ ግራሶ የለመደ፣
ልክ በስምንት ሰዓት፣ ሰዓቱን ሁሉ እያስነሣ በየጠረጴዛው ሄደ።

እኔ ነጭ ነኝ። የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋሁት፣
የሰዓቱን ራስ ተጫንኩት፤
ከፊቴ ወንበር አለ፣ ሰው የለም፤
ወንበር ደግሞ አይጨበጥም፣ ሰላም አይባልም።

ራንቫ ናት የምትመጣው፣ የደቡቧ ደሴት ነርስ፣
ሌሊቱን ከሕሙማን ጋር አድራ በመርከብ የምትደርስ።
አምና በዚሁ አዳራሽ በሁለት ፈረስ አንቃ ይዛ
ንጉሤን ጥግ ያስገባችው፣ ነገር ሳታበዛ።
ዓመቱን ሙሉ ይችን ቀን ስቆጥር ነው የከረምኩት፤
በዓሣ ፋብሪካው፣ የሳልመን ሆድ ስከፍት፣ ከቢላዬ ጋር የተሟገትኩት
ስለ አንድ ያለቦታው ስለቆመ ፈረስ ነበር።

ጉም ወርዷል። የቶርስሃውንን ወደብ ከነጀልባው ውጦታል፤
መስኮቱን በእጅጌዬ ብወለውል ትንፋሼ መልሶ ያለብሰዋል።
ሰዓቷ ይቆጥራል፤ ዲጂታል ነው፣ ድምፅ የለውም፤
የጥንቱ ቢሆን ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ ይኼ ሲያልፍ አይሰማም።

የቡድኔ አለቃ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፦
«ምን ያቅበጠብጥሃል፣ ወንድምዬ?
ዘልሎ ጀልባህ ውስጥ የገባን ዓሣ
መረብህ የታለ የሚልህ የለም።»
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ጉሙ ተሰነጠቀ፤
የመርከቧ መብራት መጀመሪያ እንደ ክብሪት፣ ኋላ እንደ ፋኖስ ደመቀ።
ጡሩንባዋን ነፋች። አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ቀና አደረገ፣
ከኤይዱን በቀር፤ እሱ መነጽሩን በክራቫቱ ጠረገ።

«ያቻትና መርከቧ» አልኩት። መናገር ክልክል ነው፤ ቢሆንም አልኩት።
«ሰምቻታለሁ» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ሞተሯን የጠገንኩት
እኔ ነኝ። ታስራ ሰው እስክታወርድ ስድስት ደቂቃ፣
ለዳገቱ ሁለት። ሒሳቡን አውቀዋለሁ። በቃ።
ሕጉ ባሕር አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው እጄ የከበደኝ።
ግን ለአንዱ ጉም ከራራሁ፣ ነገ ሁሉም ጉሙን ይዞ ነው የሚመጣብኝ።»

አሥራ ሦስት።
አሥራ አራት።
ቢጫ ካፖርት ከሕዝቡ መሀል ተተኮሰ፤
የዓሣ ሳጥን ዘለለ፣ የቆመ ብስክሌት ገፍቶ አለፈ፣ ዳገቱ ሥር ደረሰ።
እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይሮጥላት ጀመረ፤
ልቤ ግን፣ ምን ልዋሽ፣ ነጥቡንም ይቆጥር ነበረ።

አሥራ አምስት።
ኤይዱን መጣ። ሰዓቱን በአንድ ጣት አቆመ፤
ከስሟ ጎን ዜሮ፣ ከስሜ ጎን አንድ፤ ቀጥ አድርጎ ጻፈ፣ ፈረመ።
ቀለሙ ሳይደርቅ በሩ ተበረገደ፤
ቢጫው ካፖርት እንደ ሸራ አበጠና ወረደ።

አርባ ሰከንድ።

አልተከራከረችም። ወረቀቱን አየች፣ ፈረመች፤
«ያ ሞተርህ ዛሬም ሲያስነጥሰው ነበር» አለችው፣ ሳቀች።
ሽማግሌው እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፣ ባርኔጣ ሊያወልቅ፤
ባርኔጣ አልነበረውም።

ማታ በአዳራሹ ወጥ ቤት፣ ከማንቆርቆሪያው አጠገብ፣ ያንኑ ወታደር ገፋሁት።
ሰዓት አላቆምንም። በሠላሳ አንደኛው ንጉሤን አስተኛሁት።
አሁንም ያው ፈረስ! በጥርሴ ሳቅኩ፣ በሆዴ ነደድኩ፤
የተጫወትነውን በወረቀት ገልብጬ በኪሴ ከተትኩ።

የሊጉ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ ጠረጴዛ ሦስት፣ አንድ ለዜሮ፣ በፎርፌ።
የኪሴ ወረቀት ሌላ ይላል፤ ማንም አልፈረመበትም።

ኤይዱን የወጥ ቤቱን መቃን ተደግፎ እስከ መጨረሻው አየን፤
የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሎት ሄደ።
ኮሌታውን አቆመና፣ ማንንም ሳይወቅስ፣
በጉሙ ውስጥ ዳገቱን በእግሩ ወጣ።