የዱላ ልክ

የመንገድ መሐንዲስ፣ ውሉ ያለቀ ጊዜ፣
አሥራ አራት ዱላ ሰጠኝ ለትካዜ።
አንዱ ራሰ ወፍራም፣ ሌላው ጠርዘ ስለት፣
ሁሉም የተለካ በባለቤቱ ቁመት፤
እሱ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ዝግባ፣
እኔ ከነባርኔጣ ከብብቱ የምገባ።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁኝ ወደ ጣና ዳርቻ፤
ከቢሮ በፊት ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ።
ጉማሬ ሌሊቱን የጋጠው ሣር ላይ
ዱላዬን ሰቅዬ እስኪነካ ሰማይ፣
ስመታ
መሬቱ ተገመሰ።
ኳሷ እዚያው ናት፤ አፈሩ ግን ውሃው ደረሰ።
ሁለተኛዋ ወጣች፣ በቀኝ ታጠፈችና
እምቦጩ ውስጥ ገባች፤ ምን ያድርጋት ጣና።
ሦስተኛዋን ሳትኩ፤ ዱላው እኔን አዙሮ
ቁጭ አደረገኝ፣ ፊቴ ወደ ቢሮ።

ስንሻው ዘበኛው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣
ቆሞ ሲያየኝ ኖሯል ከዋርካው ሥር ቀርቦ።
«ጌታው» አለ፣ «ይቅርታ፤ እጅዎ በዛበት፤
ዱላ ሲያንቁት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እሱም አለው አንገት።
መጀመሪያ ወገብ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣
ክንድ መልእክተኛ ነው፣ የነገር መድረሻ።
ደግሞ ይሄ ዱላ…» ብሎ ቃኘው ቃኘው፣
«የእርስዎ አይደለም። ማነው የመረጠው?
እኛ ዘጌ ስንጫወት፣ ገና በልጅነት፣
ዱላ አይገዛም ነበር፤ ይፈለጋል ዛፉ ላይ ሳለ፣ ቆልመም ያለበት።
ጫፉ መሬት ቆሞ፣ እጀታው እምብርትን
ካላለፈ ልክ ነው፣ ይሰማል ባለቤቱን።
ካለፈ ግን፣ ጌታው፣
መቺው እሱ ይሆናል፣ እርስዎ ተመቺው።»

ደሜ ፈላ። «አንተ» አልኩት «በርህን ጠብቅ።»
ጎንበስ ብሎ ሄደ፤ አይመልስ፣ አይስቅ።

ሳምንት ሙሉ፣ ከዚያ ወዲያ፣ ማልጄ ስመታ
አሥራ ሰባት ኳስ ወሰደብኝ ጣና፣ ያለ ይሉኝታ።
አንዷን ዓሣ አጥማጁ ከእምቦጩ ለቅሞ
«የምን እንቁላል ነው?» አለኝ፣ ከታንኳው ላይ ቆሞ።

የገና ዕለት ከሰዓት፣ ሜዳው ዳር ቆሜ፣
አዲስ ሱፍ ለብሼ፣ እንደ ሙሽራ ተሸልሜ፣
ስንሻውን አየሁት።
ጉልበቱ ያነክሳል። ግን ያን ቆልማማ ዱላ
ከወገቡ ሲወስደው፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ኋላ፣
እንደ ደህና ቀዛፊ ውሃ ሳያናውጥ፤
ሲመልሰው ግን እሩሯ ከመሬት ስታመልጥ
መጣች፣
መጣች፣
የግራ ቅልጥሜን አገኘች።

ወደቅሁ። ሜዳው ጸጥ አለ። ኃላፊ ነኝ፤ ይፈራል ሰው።
ስንሻው አመድ መሰለ፣ ዱላው ከእጁ አመለጠው።
አንድ ልጅ ብቻ፣ ከኋላ፣ በቀጭን ድምፅ፣ ሳያመነታ፣
«በገና ጨዋታ…» አለ።
ሜዳው ተቀበለ፦ «አይቆጡም ጌታ!»

ሳቄ መጣ፣ ሳላስበው። እግሬን ይዤ ሳቅሁ፤
ለካ ሳምንቱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነው የዘለቅሁ።

በማግሥቱ ስንሻው ቁጥር ሰባቷን አስያዘኝ፣
ጫፏን አፈር አስነክቶ እምብርቴ ላይ ለካኝ፤
«አንድ ስንዝር ይበልጣል።» ገበያ ዳር ወሰድናት፤
ብስክሌት ጠጋኙ ውብእሸት በብረት መጋዝ ቆረጣት፣
እጀታዋን በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቀለለ፣
«ለምን ነው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀ፤ «ሠላሳ ብር» አለ።
የቀሩት አሥራ ሦስቱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ናቸው፤
አንዲቷን ሳልለምዳት ለምን ልንካቸው?

ዛሬ ጠዋት
ጣና ጠፍጣፋ ነው፣ ጭጋጉ ዝቅ ብሏል።
ወገብ። ትከሻ። ክንዴ ሊቀድም ይቸኩላል፤
«ቆይ» አልኩት።
ድምፁን ብቻ ሰማሁ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ ያለ፣ አጭር።
ኳሷን አላየኋትም፤ ዓይኔ ሣሩ ላይ ነው፣ ከነበረችበት፣ ምንም የለ ከጤዛ በቀር።

«የት ገባች?» አልኩት። ስንሻው አገጩን ቀሰረ
ሻላዎቹ ወዳሉበት፣ ከዚያም ወዲያ፣ ጭጋጉ ወደሰፈረ።
ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ሳብ አድርጎ፣ ሳይስቅ፣
«እንግዲህ» አለ፣ «ጌታው፣ እኔ በሬን ልጠብቅ።»