ሦስት እርምጃ

እውነቱን ልናገር፤ ዛፉን እኔ አላዳንኩም፤
ህግ ነው ያዳነው፤ እኔስ አልሳሳሁም።
የሻፑሪን ጫካ በመጋዝ ስንጥል፣
ጭሱ ከወንዝ ማዶ ሲግተለተል፣
የከብቱ ባለቤት፣ ሴኞር ቫልድሚሮ፣
ወረቀት ዘርግቶ፣ መነጽር ቀይሮ፣
«ካስታኛ እንዳትነኩ፣ መቀጮ አለበት»
አለን፤ እኛም ተውነው፤ ቆመ ባለበት።

መቶ ክንድ ሽቅብ፤ ዙሪያው ሣር፣ ሣር ብቻ።
ሰርጉ አልቆ፣ ዳሱ ፈርሶ፣
እንግዳው ወደየቤቱ ተመልሶ፣
ተረስቶ የቀረ ምሰሶ።

እናቴ ዴኦሊንዳ ጥር በባተ ቁጥር ትመጣለች፤
ቅርጫቷን ከጎኗ አድርጋ ከሥሩ ትቀመጣለች።
እሷ እኮ ድሮ፣ ጫካው ጫካ ሳለ፣ ዝናብም ቢያባራ፣
ራሷን በእጇ ሳትከልል አትገባም ከዚያ ስፍራ፤
የካስታኛ ፍሬ እንደ መድፍ አረር ነው፤
አጎቴ ናታሊኖን እሱ ነው የጣለው።
አሁን ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ
ሽቅብ ታያለች፣ ያለ ስጋት፣ አርፋ።
«የማያስፈራ ካስታኛ» አለችኝ «ሬሳ ነው፤
ቀባሪ ስላጣ ነው ቆሞ የምናየው።»

«አበባ አለው» አልኳት፤ «እዪው፣ ቢጫ ሆኗል።»
«አበባስ ያብባል፤ ማን መጥቶ ይከፍተዋል?
ክዳን አለው እኮ፣ ለመጣ ሁሉ አይከፈት፤
የቤት ንብ ታንኳኳና ትመለሳለች በሐፍረት።
ትከሻ ያላት ናት፣ ያቺ አረንጓዴዋ፣
እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሚያበራ ገላዋ።
እሷም ባል ትሻለች፤ ባል ደግሞ ሽቶ ይሻል፤
ሽቶው ከኦርኪድ ነው፤ ኦርኪድ የት ይበቅላል?
ጥላ ሥር፣ እርጥብ ግንድ ላይ፣ በዛፍ ሽበት፤
አንተ ያን አነደድክ፣ ልጄ፣ ለሰው ከብት።

ፍሬው ቢወርድ እንኳ ዛጎሉ ብረት ነው፤ ወይ የኔ ገጀራ፣
ወይ የኩቲያ ጥርስ ነው የሚያውቀው ያን ሥራ።
ጥንቸል ታክላለች፤ ግማሹን በልታ ግማሹን ትቀብራለች፤
የት እንደቀበረች፣ ምስኪን፣ ትረሳለች።
ደን ማለት ሌላ አይደለም፤ ኩቲያ የረሳችው ነው።»
ህጉ ዛፉን ጻፈ፤ ይህን ማን ይጻፈው?

ምንም አልመለስኩም። አጥር ልጠግን ሄድኩ።
በዚያው ሳምንት ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
በጫካው በኩል ያለውን ችካል ነቅዬ
ወደ ሣሩ አስገባሁት፤ ሦስት እርምጃ።
ላሞቹ አዩኝ። ላም ወሬ አታወጣም፤
ቫልድሚሮ ቀንድ እንጂ እርምጃ አይቆጥርም።

ዓመት መጣ፤ ሦስት እርምጃ። ሌላ ዓመት፤ ሦስት ደግሞ።
ከአጥሩ ወዲያ መጀመሪያ አረም፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣
ቀጥሎ ያ ጉንዳን ተከራይቶ የሚያድርበት፣
ውስጡ ክፍት፣ ቀጭን ዛፍ፣ ግንዱ በቀለበት።
ካስታኛው ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል፤
የኔም ጉልበት፣ የእናቴም ዓይን ደክሟል።

አሥራ አንደኛው ጥር። ሌሊት። ዝናቡ አባርቷል።
ድም!
ውሻው ጮኸ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።
«ስንት?» አለች።
«አንድ።»
በጣቷ ቆጠረች፦ ፍሬ ሊበስል ዓመት ከሦስት ወር ይፈጃል፤
እንግዲያ ያኔ፣ አንዳችን ሳናያት፣
አንዲት ንብ መጥታ ሄዳለች።

በጠዋት እጇን ይዤ ወጣሁ። ከጥላው ጠርዝ ስንደርስ
ቆመች፤ ሌላኛውን እጇን አንሥታ ራሷን ሸፈነች።
ፍሬውን በዳበሳ አገኘችው፣ አሸተተችው፤
ገጀራዬን ሳነሣ ክንዴን ያዘችው።
«ተው፤ የኛ አይደለም።»
ከአጥሩ ወዲያ ወስጄ ቅጠል ላይ አኖርኩት።

ኩቲያ ትምጣ አትምጣ አላውቅም፤ ዱካ አላየሁም።
ስንመለስ ግን፣ ሜዳው መሃል፣
ከላያችን ሰማይ ብቻ እያለ፣
እጇ ከራሷ ላይ አልወረደም።