አምስተኛው ቅጽ

ናዳቭ እስኪተኛ ጠብቄ፣ ከትራሱ ሥር ሰረቅሁት፤
የበራሪዋን ልጅ ታሪክ፣ በጣቴ እየመራሁ አነበብሁት።
እውነት ለመናገር፣ የሠዓሊው እጅ ይባረክ፤
ጣራ ላይ ስትወጣ ጉልበቷ ሲብረከረክ፣
የሒሳብ ፈተናው ከጭራቁ በልጦ ሲያስፈራት፣
ይቺስ የኔው ቤት ልጅ ናት! ሳቅሁ፤ ደግሞ አዘንሁላት።

ግን ያ ክፉ ሰውዬ፣ ሦስቴ ሞቶ ሦስቴ ተነሣ!
ሞት እንዲህ ከረከሰ፣ ማን ያለቅሳል ለሬሳ?

እናቷማ... አምስት ቅጽ ሙሉ ስም እንኳ የላትም፤
ሳህን ታጥባለች፣ ጀርባዋ እንጂ ፊቷ አይታይም።

ጠጋ ብዬ ሳይ፣
ጀርባዋ ላይ በእርሳስ፣ በጠማማ የዕብራይስጥ ፊደል ስሜ ተጽፏል፤
ትርንጎ።
የአፉላው የሌሊት አውቶቡስ ለካ ጥሎኝ አልፏል።

ስድስተኛው መቼ ይወጣ ይሆን?